ቬዝሌን ከሸለቆው ጀምሮ መውጣት፦ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ መመሪያ

በፈረንሳይ፣ በማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያኗ ወደምትታወቀው ወደ ቬዝሌ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራውን ስሕተት እኔም ሠርቼዋለሁ። መኪናዬን ከከተማዋ በር አጠገብ አቆምኩ፤ ዳገቷን ጎዳና ተጣድፌ ወጣሁ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በላይ ያለውን ትልቅ የድንጋይ ቅርጽ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ውስጡን በሩብ ሰዓት ዞሬ ቡና ጠጣሁና ተመለስኩ። ፎቶግራፍ ያነሣሁት ቅርጽ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት ጊዜ የተቀረጸ መሆኑን ያወቅኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። እውነተኛው በስተ ውስጥ፣ ከሁለተኛው በር በላይ ነበር። በሥሩ አልፌያለሁ፤ ቀና ብዬ አላየሁትም።

በሁለተኛው ጉዞዬ ከታች ጀመርኩ። ቬዝሌ በቡርጎኝ ግዛት፣ ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በኮረብታ አናት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ገዳም ግን መጀመሪያ የተተከለው ኮረብታው ላይ አልነበረም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዤራር ደ ሩሲዮን የተባለው መስፍን ከሚስቱ ከቤርት ጋር የመሠረተው ሸለቆው ውስጥ፣ በኪዩር ወንዝ ዳር፣ ዛሬ ሴን ፔር በምትባለው መንደር ነው። በወንዝ በኩል የመጡት ኖርማኖች (የሰሜን አውሮፓ ባሕረኛ ወራሪዎች) ካጠፉት በኋላ ነው መነኮሳቱ ወደ አናቱ የወጡት። ስለዚህ እኔ የምመክረው መንገድ ታሪኩ የሄደበትን ይከተላል፦ መጀመሪያ ወንዙ፣ ከዚያ ዳገቱ፣ መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ። ደክሟችሁ የደረሳችሁበት ደጃፍ ከመኪና ወርዳችሁ ከቆማችሁበት ደጃፍ ጋር አንድ አይደለም።

ጠቅላላ ርዝመቱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እርምጃው ብቻ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከማረፊያውና ከጉብኝቱ ጋር ሙሉ ቀን ያዙለት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መቼ ይሻላል

ሜይ እና ጁን ተመራጭ ናቸው፤ ሜዳው ለምለም ነው፣ ቀኑም ረጅም ነው። ጁላይና ኦገስት ሙቀትም ሕዝብም ይበዛል፤ በተለይ ጁላይ 22 የማርያም መግደላዊት በዓል በመሆኑ ከተማዋ በምእመናን ትሞላለች። ያንን ማየት የሚፈልግ ሰው ይሂድ፤ ጸጥታ የሚፈልግ ይራቅ። ከሴፕቴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የአደን ወቅት መሆኑን አትርሱ። በጫካው ዳር የሚያልፍ ሰው ብርቱካናማ ወይም ቀይ ነገር ቢለብስ ይበጀዋል።

ጁን 21 አካባቢ መድረስ ከቻላችሁ ግን ሁሉን ትታችሁ ያንን ምረጡ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አደራረስ

በባቡር ከሆነ ከፓሪስ ቤርሲ ጣቢያ ወደ አቫሎን በሚወስደው መስመር ተሳፍራችሁ ሰርሚዜል በምትባለው ትንሽ ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በመሀል ባቡር መቀየር ሊኖር ይችላል። ከጣቢያው እስከ ቬዝሌ ግን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ጣቢያው ደጃፍ ላይም ተሰልፎ የሚጠብቅ ታክሲ የለም። ታክሲውን ከዋዜማው በስልክ ያዙ፤ ስትይዙም ቬዝሌ ሳይሆን ሴን ፔር አድርሰኝ በሉት። የመመለሻውንም በዚያው ስልክ ጨርሱ። እሑድ መጓጓዣው ይሳሳል።

በመኪና ለሚሄድ ነገሩ ቀላል ነው፤ በሴን ፔር ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አቁሞ መነሣት ነው። ቬዝሌ ያለውን ሰፊ ማቆሚያ ለቸኮሉት ተዉላቸው።

የሚያዝ ነገር

ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር፣ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ። ሱሪው ለጌጥ አይደለም፤ በረጅሙ ሣር ውስጥ መዥገር አለ፤ የዚያ አገር መዥገር ደግሞ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ማታ ቤት ስትገቡ ጉልበታችሁን፣ ብብታችሁንና ታፋችሁን ፈትሹ። ውኃ ካለቀባችሁ የፈረንሳይ እግረኞች የሚያውቁት ዘዴ አለ፦ የመንደር መቃብር ስፍራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የአበባ ማጠጫ ቧንቧ ይኖራል። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም ማለት ነው።

አቅራቢ መነጽር ካላችሁ ያዙ። ለወፍ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በዓምዶች ራስ ላይ ያሉትን ቅርጾች ለማየት ነው። ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንዱን ብቻ አስቀሩ ብባል ይህንን አላስቀርም።

ምግብ ከቤት ወይም ከዳቦ ቤት ይዛችሁ ተነሡ። በእነዚህ መንደሮች ምሳ የሚቀርበው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ውጭ የደረሰ ሰው ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ተራው ባጌት ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ከጨው ስለሚሠራ የጾም ነው፤ ክሯሳን ግን ቅቤ በቅቤ ነው። የምግብ ቤቱ አትክልት ሾርባም ክሬም ሊኖርበት ስለሚችል ሳትጠይቁ አትቅመሱ።

ካርታ በስልክ ብቻ አትመኩ፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። የፈረንሳይ ብሔራዊ የካርታ ድርጅት የሚያወጣውን በ1 ለ25,000 መጠን የተሠራ የወረቀት ካርታ ግዙ። መንገዱ ላይ የሚመሯችሁ ምልክቶች በዛፍ፣ በድንጋይና በመብራት ምሰሶ ላይ የተቀቡ ሰረዞች ናቸው። ከላይ ነጭ ከታች ቀይ የሆነው የረጅሙ አገር አቀፍ መንገድ ምልክት ነው፤ በዚህ አካባቢ የሚያልፈው ቁጥር 13 ይባላል። ቢጫ ሰረዝ የአካባቢው አጭር መንገድ ነው። ሰረዞቹ ተጣጥፈው ካያችሁ ታጠፉ፤ በመስቀልኛ ከተሰረዙ ተሳስታችኋልና ተመለሱ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ምንም ምልክት ካላያችሁ «ትንሽ ልሂድና ልይ» የሚለውን ሐሳብ አታዳምጡት፤ መጨረሻ ወዳያችሁት ምልክት ተመለሱ።

ከሴን ፔር ወደ ጨው ጉድጓዶቹ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ (በእነርሱ 9 ሰዓት) ከሴን ፔር ተነሡ። የመንደሯን ቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ታዩታላችሁና አሁን እለፉት። የኪዩርን ሸለቆ ይዛችሁ ወደ ደቡብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ፎንቴን ሳሌ፣ ማለትም «ጨዋማዎቹ ምንጮች» ወደሚባለው ስፍራ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ሜዳ ነው። ነጫጭ የሻሮሌ ላሞች በሽቦ አጥር ውስጥ ቆመው ያዩአችኋል፤ አጥሩ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ አለውና እጃችሁን አታሳርፉበት፤ በር ከፍታችሁ ካለፋችሁም መልሳችሁ ዝጉ።

ፎንቴን ሳሌ ላይ ቁፋሮ የተጀመረው በ1934 ነው። የተገኘው ነገር አስደናቂ ነበር። ከሥር ጨዋማ ውኃ የሚያፈልቁ ጉድጓዶች፣ ግድግዳቸው ውስጡ በተቦረቦረ የባሉጥ ግንድ የተያዘ፤ ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2,000 ዓመት በላይ። እንጨቱ እስከ ዛሬ አለ። ከላያቸው ላይ ሮማውያን የመታጠቢያ ቤት ሠሩ፤ የመሠረቱ ድንጋዮች አሁንም ይታያሉ። ጨው ያለበት ቦታ መቼም ሰው አያጣውም፤ አሞሌ ሲገበያይ የኖረ ሕዝብ ይህንን ለመረዳት ሌላ መምህር አያስፈልገውም። ግብር ሰብሳቢም እንዲሁ አያጣውም፦ የአካባቢው ገበሬ ከጉድጓዶቹ ውኃ እየቀዳ ከንጉሡ የጨው ግብር እንዳያመልጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሹማምንቱ ደፈኗቸው።

ስፍራው በመግቢያ ክፍያ የሚታይ ሲሆን በቅዝቃዜው ወራት ይዘጋል። ከመነሣታችሁ በፊት የመክፈቻ ቀኑን አረጋግጡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ፒየር ፐርቱዊ

ወደ ደቡብ ሌላ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ሸለቆው ይጠባል፤ ጫካውም ይቀርባል። ፒየር ፐርቱዊ ማለት «የተበሳው ድንጋይ» ማለት ነው፤ በአቅራቢያው በተፈጥሮ የተቦረቦረ አለት አለ። የመንደሩ ዋና ነገር ግን ሁለቱ ድልድዮች ናቸው። ከታች የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎባጣ የድንጋይ ድልድይ ወንዙን በቅርብ ይሻገራል፤ ከበላዩ፣ በከፍታ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ድልድይ በአንድ ትልቅ ቅስት ሸለቆውን ይዘለዋል። ወደ ታችኛው ውረዱ፤ ሁለቱን በአንድ ላይ የምታዩት ከዚያ ነው። ምሳችሁን እዚያው ወንዙ ዳር ብሉ። ከዚያ በሄዳችሁበት ወደ ሴን ፔር ተመለሱ። ጊዜ ያጠራችሁ ወይም ልጆች የያዛችሁ ከሆነ ከጨው ጉድጓዶቹ መመለስ ትችላላችሁ፤ አራት ኪሎ ሜትር ይቀንስላችኋል።

ዳገቱ

ሴን ፔር ስትመለሱ የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያንን እዩ፤ ከ13ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የጎቲክ ሕንፃ ነው። ከደጀ ሰላሙ ይልቅ ወደ ደወል ቤቱ አናት ተመልከቱ፦ በማዕዘኖቹ ላይ መለከት የሚነፉ መላእክት አሉ። አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ጉዞ።

ከዚህ እስከ ቬዝሌ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን 150 ሜትር ገደማ ይጨምራል። አስፋልቱን ተዉትና የእግር መንገዱን ያዙ። በግራ በቀኝ የወይን ተክል ታያላችሁ። ይህ ወይን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፊሎክሴራ በሚባል ተባይ ጠፍቶ ነበር፤ እንደገና መተከል የጀመረው በ1970ዎቹ ሲሆን በ2017 ቬዝሌ በሚል በራሱ ስም የመሸጥ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ዳገቱን ቀስ ብላችሁ ውጡት። ላይ ያለው ሕንፃ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይሰወራል። ከኖርማኖች ሸሽቶ ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ለምን ይህንን ኮረብታ እንደመረጠ እግራችሁ ይነግራችኋል።

አናቱ ላይ ስትደርሱ የሚያስቸግር ምክር ልስጣችሁ፦ ወዲያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አትግቡ። የከተማዋን ቅጥር ተከትሎ በሚዞረው መንገድ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ታችኛው አደባባይ ሂዱና ዋናውን ጎዳና እንደ ጥንቱ ተሳላሚ ከሥሩ ጀምራችሁ ውጡ። መሬቱ ላይ የተተከሉ የዛጎል ቅርጾች ይመሯችኋል። ዛጎሉ በስፔን ወደሚገኘው የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር፣ ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ምልክት ነው፤ በፈረንሳይ ካሉት አራት ታላላቅ የተሳላሚ መንገዶች አንዱ የሚጀምረው እዚህ ነው። በጎዳናው ግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች የአንዳንዶቹ ምድር ቤት በቅስት ድንጋይ የተሠራ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ተሳላሚው የሚያድረው እዚያ ነበር። ጸሐፊው ሮማን ሮላን በ1944 የሞተበት ቤትም በዚሁ ጎዳና ላይ ነው፤ ዛሬ የሥዕል ሙዚየም ሆኗል።

ቤተ ክርስቲያኑ

ጫማ አይወለቅም፤ ወንዶች ግን ኮፍያ ያወልቃሉ። መግቢያው በነጻ ነው። ነጭ ልብስ የለበሱ መነኮሳትና መነኮሳይያት በዜማ ይጸልያሉ፤ ጸሎት ላይ ከደረሳችሁ ተቀመጡ እንጂ አትዙሩ። ካሜራውንም አስቀምጡት።

በውጭው በር በኩል ስታልፉ የምትገቡት ገና ወደ ደጀ ሰላሙ ነው። እዚህ ቁሙ። የእኔን ስሕተት አትድገሙ። ከፊታችሁ፣ ከመካከለኛው በር በላይ፣ ክርስቶስ እጆቹን ዘርግቶ ከጣቶቹ የሚወጣ ጨረር ወደ ሐዋርያት ሲወርድ ታያላችሁ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተቀረጸ ነው። ከሥሩና ከዙሪያው ወንጌል ሊደርሳቸው የሚገባ የዓለም ሕዝቦች ተሰልፈዋል፤ ቀራጩ ግን ከአገሩ ርቀው ስለሚኖሩት ሰዎች የሰማው ተረት ብቻ ነበር። ስለዚህ ፈረስ ላይ በመሰላል የሚወጡ ድንክዬዎች አሉ፤ ጆሯቸው ሰፌድ የሚያህል ሰዎችም አሉ። የውሻ ራስ ያላቸውም አሉ፤ በአገራችን የቅዱስ መርቆሬዎስን ሥዕል ያየ አንባቢ ገጸ ከልባትን እዚህ፣ በቡርጎኝ ኮረብታ ላይ ሲያገኛቸው የቆየ ዘመድ እንዳገኘ ይሰማዋል። በውጨኛው ቅስት ደግሞ በክብ በክብ የዓመቱ ወራትና የየወሩ የገበሬ ሥራ ተቀርጿል። ሃያ ደቂቃ ስጡት።

ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ። ቅስቶቹ በነጭና በጠቆር ያለ ድንጋይ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። የቀድሞው ሕንፃ በ1120 በእሳት ከጋየ በኋላ የተሠራው ክፍል ይህ ነው። ከፊት ለፊት ያለው መቅደስ ግን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በጎቲክ ጥበብ ስለተሠራ ቀለሙም ብርሃኑም ይለያል። አሁን አቅራቢ መነጽራችሁን አውጡ። ብዙ ቅርጽ አለና ሁሉንም ልይ የሚል አንዱንም አያይም፤ ሁለት ብቻ ፈልጉ። አንደኛው በስተቀኝ በኩል ባለው መተላለፊያ የሚገኘው ወፍጮ ነው፦ አንድ ሰው እህል ከላይ ያፈሳል፣ ሌላው ከሥር ዱቄቱን በከረጢት ይቀበላል። የሚያፈሰው ሙሴ፣ የሚቀበለው ጳውሎስ ነው፤ ብሉይ ገብቶ ሐዲስ ሲወጣ ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ወፍጮን ግን ያውቃል። ሁለተኛው ይሁዳ ተሰቅሎ ምላሱ ወጥቶ የሚታይበት ሲሆን፣ በጎኑ አንድ ሰው ሬሳውን እንደ ጠፋ በግ በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ እናንተም ቆማችሁ ተከራከሩ።

ከጁን 21 ጋር የተያያዘው ነገር ይህ ነው። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ስትደርስ በደቡብ ባሉት ላይኛ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን በመካከለኛው ወለል ላይ እንደ ረገጣ ድንጋይ በአንድ መስመር ተሰልፎ ከበሩ ወደ መቅደሱ ይሄዳል። ብዙዎች «እኩለ ቀን» ሲባል 6 ሰዓት ላይ ይመጣሉና ይሳሳታሉ። ፈረንሳይ በዚያ ወቅት ሰዓቷን ስለምታስቀድም ፀሐይ ከራስ በላይ የምትሆነው ከቀኑ 8 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ (በእነርሱ ከ14 ሰዓት በፊት) ነው። በዚያ ቀን የምትሄዱ ከሆነ ጉዞውን ገልብጡት፤ ቤተ ክርስቲያኑን አስቀድሙና ሸለቆውን ከሰዓት በኋላ ተጓዙ።

ወደ ምድር ቤቱ ጸሎት ቤት ውረዱ። የተሳላሚው ጎርፍ ምክንያት እዚያ ነው፦ የማርያም መግደላዊት ዐፅም አለ ተብሎ ይታመን ነበር። በ1279 ግን በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሴን ማክሲሚን፣ እውነተኛው ዐፅም እኛ ዘንድ ተገኘ ተባለ፤ ቬዝሌም ከዚያ ወዲህ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ሕንፃው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊፈርስ ተቃርቦ ሳለ በ1840 እድሳቱ ቪዮሌ ለ ዱክ ለተባለ የ26 ዓመት ወጣት አርክቴክት ተሰጠ። በውጭ ያየሁት ቅርጽ የዚያ እድሳት ውጤት ነው፤ ወጣቱን አልወቅሰውም፣ ጣሪያው የቆመው በእርሱ ነው። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በ1979፣ ከላሊበላ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

ስትወጡ በጎን ግድግዳዎቹ የተደገፉትን ትልልቅ የእንጨት መስቀሎች አትለፏቸው። በ1946፣ ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ፣ ከተለያዩ አቅጣጫዎች በእግር የመጡ ምእመናን 14 መስቀሎችን ተሸክመው እዚህ አደረሱ። በአቅራቢያው ታስረው የነበሩ የጀርመን ምርኮኞች እኛም እንሳተፍ ብለው በቦምብ ከፈረሱ ቤቶች እንጨት 15ኛውን ሠሩ። ያንኛውም አብሮ ቆሟል።

ላ ኮርዴል

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው በዛፍ የተከበበ ሰገነት ላይ ቁጭ ብላችሁ ጠዋት የተጓዛችሁበትን ሸለቆ ከላይ እዩት። ከዚያ በሰሜኑ ተዳፋት በኩል ባለው የእግር መንገድ ወደ ላ ኮርዴል ጸሎት ቤት ውረዱ፤ ደርሶ መልስ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ማርች 31 ቀን 1146 የክሌርቮው መነኩሴ በርናርድ ሁለተኛውን የመስቀል ጦርነት የሰበከው በዚህ ተዳፋት ላይ ነው፤ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 7ኛ በተገኘበት የመጣውን ሕዝብ ቤተ ክርስቲያኑ አልችል ብሎ። መስቀል ቆሞበታል። በ1190 ደግሞ የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ ኦጉስት እና የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ልበ አንበሳ ለሦስተኛው የመስቀል ጦርነት በቬዝሌ ተገናኝተው ተነሥተዋል። ያንን ሁሉ ሠራዊት የላከው ኮረብታ ላይ፣ በ1217 የፍራንቸስኮስ መነኮሳት መጥተው ትንሽ ጎጇቸውን ቀለሱ። ስፍራው ላ ኮርዴል የተባለው በሚታጠቁት ገመድ ምክንያት ነው። ጸሎት ቤቱ ጠባብና ባዶ ነው፤ ከላይኛው ሕንፃ በኋላ ዓይን ያሳርፋል። በሩ ክፍት ከሆነ ቦርሳችሁን ከውጭ ትታችሁ ግቡ።

ወደ ላይ ተመልሳችሁ በመጣችሁበት መንገድ ወደ ሴን ፔር ውረዱ፤ ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ድንጋዩ ከዝናብ በኋላ ያንሸራትታል፤ ጉልበት የሚያመው ሰው በአስፋልቱ ይውረድ። ታክሲውን ለ12 ሰዓት (በእነርሱ 18 ሰዓት) ብላችሁ ከቀጠራችሁት፣ ሳትሯሯጡ ትደርሳላችሁ።